ሐረጎን በአንድ ማርሽ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ አውቶቡስ ሐረጎ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል። ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ ትንሽ ይሄድና ደግሞ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ላይ ሞቆት ሹራቡን ያወለቀ ተሳፋሪ መልሶ ይለብሳል፤ እናቶች ነጠላቸውን ወደ ጆሯቸው ይስባሉ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው አስፋልት 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ኮምቦልቻ ቦርከና ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ደሴ ጦሳን ተደግፋ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። አገር የሚያህል የአየር ለውጥ በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ ነው።

በመስከረም 2012 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቼ 400 ኪሎ ሜትሩን የጨረስኩት ግን ዳገቱን ለማድነቅ አልነበረም። ሴት ልጄ የምትኖረው ደሴ ነው። ደውላ፣ «አባዬ፣ ልጁ በብስክሌት ሐረጎን አቋርጬ ኮምቦልቻ እገባለሁ እያለ ነው። በአስፋልቱም አይደለም፤ በእግር መንገዱ። ውድድር አላቸው። እኔ እምቢ ብለው አልሰማኝም፤ እርስዎ ይምጡና ይንገሩት» አለችኝ። የልጅ ልጄ ያኔ 14 ዓመቱ ነበር። ልነግረው መጣሁ። የምናገረውን ከሸዋ ሮቢት ጀምሮ በልቤ ሳጠና ነበር።

ከሐረጎ ጋር የቆየ ጉዳይ አለኝ። በ1968 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ ብስክሌት በሰዓት ተከራይተን እንነዳ ነበር። አንድ ቀን ከጓደኛዬ ጋር ሁለት ብስክሌት ተከራይተን፣ ጭነት መኪና ላይ አስጭነን ሐረጎ አናት ወጣንና በአስፋልቱ ቁልቁል ለቀቅነው። ፍሬኑን ከላይ ጀምሬ ሳልለቅ ይዤው ነበር። የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን እያሸ ሲግል መያዙን እንደሚተው ማን ነግሮኝ! ከጥቂት ጥምዞች በኋላ እጄ ውስጥ የቀረው ብረቱ ብቻ ነበር። በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል መውደቄን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። የግራ ክንዴ ተሰበረ፤ ወጌሻ አሸው። ዛሬም ብርድ ሲሆን ሙሉ በሙሉ አይዘረጋልኝም። ከዚያ በኋላ ቤቴ ብስክሌት አልገባም፤ ከልጆቼ አንዳቸውም ፔዳል ረግጠው አያውቁም።

ለልጁ ብስክሌቷን የላከለት አጎቱ ነው፤ እኔን ሳያማክር። ከአዲስ አበባ ያገለገለች ባለ 18 ማርሽ ገዝቶ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ላከለት። የደሴ መንገድ ማርሹን ሁለት ወር አላቆየውም። የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ወደ መሬት የተንጠለጠለ ነገር ስለሆነ፣ አንድ ድንጋይ ሲመታው ተጣመመና ከራጁ ጋር ተጠላለፈ። መለዋወጫ የለም። ልጁ ወደ ጎሚስታው ወሰዳት፤ ጎሚስታውም የማርሹን ዕቃ ሁሉ አራግፎ፣ ካቴናውን አሳጥሮ፣ ፊት አንድ ጥርስ፣ ኋላ አንድ ጥርስ ብቻ አስቀረላት።

ጎሚስታውን አገኘሁት። የሥራ ቦታው አንድ የዛገ ቆርቆሮ ጥላ ነው። ሲያወራ የሚጠራቸው ዕቃዎች አሳቁኝ፤ ካቴና፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ፖምፓ። ጣሊያን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደሴ ሲገባ ጦሩን ይዞ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲወጣ አስፋልቱን፣ ፒያሳን እና የብስክሌቱን ቋንቋ ጥሎልን ሄደ። ጎሚስታ የሚለውም የእነሱው ቃል ነው።

የጎሚስታውና የልጁ ክርክር በጥርስ ቁጥር ላይ ነበር። ፊት ያለው 34 ጥርስ ነው። ልጁ ኋላ 16 ይግባልኝ ይላል፤ በሜዳ ይፈጥናል፤ የኮምቦልቻ ልጆች እንደዚያ ነው የሚነዱት። ጎሚስታው ደግሞ፣ «ለኮምቦልቻ 16፣ ለደሴ 20» ይላል። በ16ቱ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ብስክሌቷ አራት ሜትር ተኩል ገደማ ትሄዳለች፤ በ20ው ሦስት ሜትር ተኩል። አንዱ ለሜዳ፣ አንዱ ለዳገት። መንገዱ ግን ሁለቱንም ነው፤ መሐል መንገድ ላይ ደግሞ መቀየር የለም። በ18 ተስማሙ። ጎሚስታው፣ «አሁን ዳገቱም ይከብድሃል፣ ሜዳውም ያንስሃል» ብሎ መረቀው።

አዲስ አበባ ተመልሼ ስጠይቅ እንደሰማሁት፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ማርሽ የሞላበት ብስክሌት መግዛት እየቻሉ ሆን ብለው በአንድ ማርሽ ተራራ የሚወጡ ሰዎች አሉ። የዓለም ሻምፒዮና የሚሉትም ውድድር አላቸው፤ ለአሸናፊው የሚሰጠው ንቅሳት ነው። እውነተኛ፣ ቆዳ ላይ የሚቀር ንቅሳት። ወሎ ውስጥ አንገታቸውን እስከ አገጫቸው የተነቀሱ አያቶች ይህን ቢሰሙ ሁላችንም ሻምፒዮን ነበርን ማለታቸው አይቀርም። የእኛ ልጆች ግን ወደ አንድ ማርሽ የገቡት መርጠው አይደለም። ማርሹ ተሰብሮ ነው።

አገራችንም ብስክሌት ለማታውቅ አገር አትቆጠርም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ሲሆን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደው ነበር፤ ከመካከላቸው አንዱ ገረመው ደንቦባ ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ልጁ የጽጋቡን ፎቶ ከጋዜጣ ቆርጦ አልጋው ራስጌ ለጥፎታል። ይህን ሳይ ያጠናሁት ንግግር ግማሹ ጠፋብኝ። በቀረው ግማሽ፣ «መጀመሪያ መንገዱን በእግር አሳየኝ» አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። መንገዱ ከደሴ ደቡባዊ ጫፍ ተነሥቶ በባሕር ዛፍ ውስጥ ወደ ሐረጎ ጀርባ ይወጣል፤ ከዚያ አስፋልቱን ሁለት ቦታ እያቋረጠ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። መኪና ሳይመጣ የነበረ መንገድ ነው። ሰኞ ገበያ የሚወጡ ሰዎችና አህዮች ከስንት ዘመን ጀምሮ ሲረግጡት ወደ መሬት ገብቷል፤ አንዳንድ ቦታ ግራና ቀኙ እስከ ወገብ ይደርሳል። ስፋቱ ለአንድ አህያ ከነጭነቷ ነው። አደይ አበባው ፈንድቶ ነበር፤ ጥላ ያለበት ጭቃ ግን ገና አልደረቀም።

እኔ በየመቶ እርምጃው እቆማለሁ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል፤ አዲስ አበባም ያው ነው ብዬ ስመካ የነበረው ሰውዬ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት አዩኝና፣ «አብሽር» ብለውኝ አለፉ። ሰማንያ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ሸክሙ ደግሞ ከእሳቸው ይበልጣል። ልጁ ብስክሌቷን እየገፋ ከፊቴ ይሄዳል። ገፍቶ የሚወጣበትን ሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል። «አባባ፣ ከዚህች ዛፍ እስከዚያች ድንጋይ ነው የምነዳው፤ ከዚያ ወርጄ እገፋለሁ። ማርሽ ያለውም ይነዳታል እንጂ ከሚገፋው አይቀድምም።» እኔ መግፋት ሽንፈት ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን ልክ እንደ ሾፌሩ ማርሽ መቀነስ አድርጎ ነበር የሚቆጥረው። ሁለተኛ ማርሹ እግሩ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን አያያዙን አየሁት። ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። «ማን አሳየህ?» ስለው፣ «ቸርኬው ሲግል በጣቴ ነክቼ አውቄው ነው» አለኝ። እኔ ክንዴን ሰብሬ የተማርኩትን እሱ ጣቱን አቃጥሎ ተማረው። ቢሆንም አልቀረም፤ ከሁለተኛው የአስፋልት ማቋረጫ በታች፣ ምንጭ አጠገብ፣ ደረጃ የመሰለ የድንጋይ ወራጅ አለ። ርዝመቱ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ቀና ብዬ ከታች ሳየው ግንብ መሰለኝ። «እዚህ ትወርዳለህ፤ ተሸክመህ ታልፋለህ» አልኩት። ዝም አለ። «ካልሆነ ነገ የለም።» ድንጋዩን አየ፣ እኔን አየ፣ የግራ ክንዴን አየ። «እሺ» አለ። «ቃልህ?» «ቃሌ።»

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከወጣ በኋላ ጀመሩ፤ ከዙህር ሶላት በፊት ለመጨረስ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጅ ስለሆነ ሰዓቱ የተመረጠው ለሁሉም እንዲመች ተብሎ ነው። ተወዳዳሪዎቹ 11 ናቸው፤ ስድስት ከደሴ፣ አምስት ከኮምቦልቻ። ሽልማቱ አንድ አዲስ ጎማ ከነካላማዳሪው። በሁለቱ የአስፋልት ማቋረጫዎች ላይ ትልልቆቹ ወጣቶች ቀይ ጨርቅ ይዘው ቆመዋል፤ ይህን ሳይ ልጆች ናቸው ብዬ የናቅሁትን ዝግጅት አከበርኩት። የእኔ ልጅ የራስ ቁር ያደረገው እኔ አስገድጄው ነው። የጎረቤት የሞተር ሄልሜት ነበር፤ ጭንቅላቱን ባልዲ አስመሰለው፤ ጓደኞቹ ሳቁበት። ይሳቁ።

እኔ በባጃጅ ቀድሜ ወርጄ ምንጩ አጠገብ ቆምኩ። የላይኛውን ክፍል ያየሁት በሰው አፍ ነው። ባሕር ዛፉ ውስጥ ያለው ጭቃ ማርሽ ያላቸውን ጎዳቸው አሉ። ጭቃና ሣር መቀየሪያው ውስጥ ሲጠቀጠቅ ካቴናው መዝለል ጀመረ፤ ሁለቱ ቆመው በስንጥር ሲጠርጉ የእኛው በአንድ ማርሹ እየገፋ አለፋቸው። ሐረጎ ጀርባ ላይ ሦስተኛ ነበር።

የመጀመሪያው የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ከኮርቻው ተነሣ፣ ወደኋላ አለ፣ ቁር ቁር ቁር እያለ ወርዶ አለፈ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሁለተኛውም ወረደ። ቀጥሎ ባልዲው ብቅ አለ። ከላይ አየኝ። ፍጥነቱን ሲቀንስ አየሁት። ወረደ። ብስክሌቷን ትከሻው ላይ አደረገና በእግሩ ድንጋይ በድንጋይ መውረድ ጀመረ። ግማሹ ላይ ሲደርስ ሦስት ልጆች ተከታትለው መጡና በአጠገቡ እየነዱ አለፉት። አንዱ፣ «ተው ንዳት እንጂ!» ብሎ ጮኸበት። አጠገቤ ሲደርስ አላየኝም። ብስክሌቷ ላይ ወጥቶ ሄደ።

ስድስተኛ ወጣ።

ማታ እናቱ ዶሮ ሠርታ ነበር። «ቃሉን ጠበቀ፤ የእኔ ጌታ» እያለች ታጎርሰዋለች። እሱ ይጎርሳል፣ አይናገርም። እኔም እንደ ሽማግሌ መመረቅ ነበረብኝ፤ መረቅሁ፤ አሜን ያለው ግን ቀስ ብሎ ነው።

ሰኞ ማለዳ ማንንም ሳላስነሣ በባጃጅ ወደ ምንጩ ወረድኩ። ገበያተኛው ከነአህያው ሽቅብ ይመጣል። ዳር ቆሜ ሳሳልፍ አንድ ነገር አየሁ። አህዮቹ ድንጋዩን አይረግጡም። በግራ በኩል፣ ከድንጋዩና ከዳርቻው መካከል፣ ወገብ የሚያህል ስፋት ያላት የተጠቀጠቀ የአፈር መስመር አለች፤ ሁሉም በእሷ ነው የሚወጡት። የትናንቱ የጎማ ፈለግም፣ የአምስቱም፣ በእሷ ላይ ነበር። ቅዳሜ እኔ ከታች ሆኜ ድንጋዩን ብቻ አይቻለሁ። እሱ ግን መንገዱን ስንት ጊዜ ወርዶበታል፤ ያውቃት ነበር። «እሺ» ከማለቱ በፊት ዝም ያለው ለዚህ ነው። ልነግርዎት አልፈለግሁም ማለቱ ነበር፤ ወይም ብነግርዎትም አይሰሙኝም። ሁለተኛው ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ለእኔ ቢጤ አያቶች አንድ ነገር ልናገር፤ ክልከላዬ ሁሉ ስሕተት ነበር አልልም። አስፋልቱ ላይ ዛሬም ብሆን አልፈቅድለትም፤ ከጭነት መኪና ጋር ጥምዝ የሚጋራ ልጅ ፍሬኑ ቢሠራም አይተርፍም። ሄልሜቱንም አልቀንስም። ድንጋዩ ላይ ግን የከለከለው አያቱ አልነበረም፤ የ1968ቱ ክንዴ ነበር።

ከትምህርት ቤት ሲመለስ ነገርኩት። «ትናንት ተሳስቻለሁ። አፈሯን አላየኋትም ነበር።» ቀና ብሎ አየኝ። ከእኔ አፍ ይህን ቃል ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እናቱም ከጓዳ ብቅ ብላ አየች። «ነገ ልታሳየኝ ትችላለህ?» አልኩት።

ያቺ ብስክሌት ዛሬ የለችም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ቤተሰቡ ከደሴ ወጥቶ ሲመለስ ከቤቱ ዕቃ ጋር ሄዳለች። እሱም ቁመቱ በልጦኛል፤ ኮምቦልቻ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ መካኒካል ይማራል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ብርሃን ሳይጠፋ ሄድን። ፀሐይዋ ወደ ጦሳ በኩል አዘንብላ ነበር፤ ታች ኮምቦልቻ ከየጎፍ ተራራ ሥር ቆርቆሮዋ ያብረቀርቃል። ፍሬኑን ሁለት ጊዜ አስፈተሽኩት። ባልዲውን ራሱ ላይ አሰርኩለት። እሱ ወደ ላይ ገፍቶ ወጣ፤ እኔ ከታች ቆምኩ። ከኮርቻው ተነሣ፣ ወደኋላ አለ፣ አፈሯን ያዘ። ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። ካቴናዋ ኮሽ ኮሽ ይላል። በዝግታ፣ እንደ ጭነት አህያ፣ እግሩን አንዴ እንኳ መሬት ሳያስነካ ወርዶ ፊቴ ላይ ቆመ።

«አባባ፣ ይልቀቁት እንግዲህ» አለኝ።

በቀኝ እጄ የግራ ክንዴን ጨብጬ ይዤ ነበር።