ጉዱ ካሳን ማን ይጫወተው?

የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ወደ ስክሪን ይመጣል በተባለ ቁጥር ወሬው ሁሉ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሰብለ ወንጌል ላይ ነው። ማን ትሁን? መልኳ ይመጥናል ወይ? የባላባት ልጅ ትመስላለች ወይ? እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ጉዱ ካሳ ነው።

የሰብለና የበዛብህ ፍቅር ለካሜራ ይመቻል። የድሃ ልጁ በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለን ሊያስተምር ቤታቸው ይገባል። አስተማሪና ተማሪ አንድ መጽሐፍ ላይ አጎንብሰው ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ቃል ባይወጣቸውም ተመልካች ይገባዋል። ጉዱ ካሳ የሚባለው ካሳ ዳምጤ ግን ኑሮው ንግግር ነው። ስለ ባላባትና ስለ ገባር፣ ስለ ልማድ፣ በዘር ቆጠራ ስለሚታሰር ጋብቻ ገጽ ሙሉ ይናገራል። መጽሐፉን የያዘ ሰው አንዱን ሐሳብ ደጋግሞ ያነባል፤ ደስ ሲለው ከድኖት ያስባል። ያው ንግግር እንዳለ ወደ ፊልም ከገባ ስብከት ይሆናል። ከተቆረጠ ደግሞ የሚተርፈን የሁለት ወጣቶች አሳዛኝ ፍቅር ብቻ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የባላባትና የገባርን ሥርዓት ፊት ለፊት የሚሞግቱት በእሱ አንደበት ነውና የልቦለዱ አከርካሪ አብሮ ይቆረጣል።

እኔ ብሆን ካሳ ሲናገር ካሜራውን ሰሚዎቹ ላይ አደርገው ነበር። የሚስቁበትን፣ የሚቆጡበትን፣ እውነት መሆኑን እያወቁ አንገታቸውን የሚደፉትን ላሳይ። መንደሩ ለምን «ጉዱ» እንዳለው ያን ጊዜ ሳይነገር ይታያል።

የበዛብህ ስለትም ለካሜራ ቀላል አይደለም። በዛብህን ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ተስለው ሰጥተውታል፤ ሰብለን ሲወድ የሚታገለው ከፊታውራሪው ኩራት ጋር ብቻ ሳይሆን ከገዛ ፍርሃቱም ጋር ነው። ሐዲስ ልቡ ውስጥ ገብተው ይነግሩናል። ተዋናዩ ያለው ፊቱና ዝምታው ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሐዘን ሙዚቃ ከፍ አድርጎ ማለፍ ትልቅ ስንፍና ይመስለኛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ወጋየሁ ንጋቱ አለ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ በሬዲዮ የተረከው እሱ ነው፤ ገጹን ገልጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ታሪኩን በእሱ ድምፅ ያውቀዋል። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ የሚሰማን የወጋየሁ ቁጣ ነው። አዲስ ተዋናይ የሚወዳደረው ከገጸ ባሕርይ ጋር ብቻ አይደለም፤ በብዙ ቤት ጆሮ ውስጥ ከተቀመጠ ድምፅ ጋር ጭምር ነው። ወጋየሁን ለመምሰል የሚሞክር ደግሞ ገና ሳይጀምር ይሸነፋል።

ከ500 ገጽ በላይ የሆነን መጽሐፍ በሁለት ሰዓት ፊልም መጨረስ ስለማይቻል የተከታታይ ድራማን መንገድ እደግፋለሁ፤ ኢቢሲም የሄደው በዚሁ ነው። ጊዜ ሲኖር የበዛብህ ወላጆች የቦጋለና የውድነሽ ኑሮ፣ ገበሬዎቹን ይዞ በፊታውራሪው ላይ የተነሣው አበጀ በለው፣ ሁሉም ቦታ ያገኛል። እነዚህ ማሟያ አይደሉም። ፊታውራሪው በገበሬዎች እጅ ሲወድቁ ካላየን የካሳ ንግግር ባዶ ትንቢት ሆኖ ይቀራል።

ገንዘብ ያለው ፕሮዲዩሰር ይህን ካነበበ አንድ ልመና አለኝ። ለካባውና ለበቅሎው ከሚወጣው ላይ ቀንሶ የጎጃምን አነጋገር የሚያስጠና ሰው ይቅጠር፤ ተዋናዮቹም ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ታሪኩ ወደሚካሄድባቸው ማንኩሳና ዲማ ሄደው ሰዉ ሲያወራ ይስሙ። ለጉዱ ካሳ ደግሞ ዝነኛ ፊት አይፈልግ፤ ረጅም ንግግር ተሸክሞ የማያደክም፣ መድረክ ላይ ያደገ ሰው ይፈልግ።