በማስመሪያ የተማርኩት

ፈተና ያለፍንበት ነገር ሁሉ የገባን ይመስለናል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ፕሮግራም እንዳበቃ፣ አንዲት እህት የኮምፒውተር ግራፊክስ መጽሐፏን ይዛ መጣች። «መምህር፣ ይህ የቤዚየር ኩርባ አልገባኝም» አለችኝ። ኮሌጅ ሳለሁ ጥሩ ውጤት ያገኘሁበት ትምህርት ስለሆነ ቀመሩን ከቃሌ ጻፍኩላት። «እሱማ መጽሐፉም ላይ አለ። ኩርባው በመካከለኞቹ ነጥቦች ላይ የማያልፈው ለምንድን ነው?» አለች። መልስ አልነበረኝም። «እየቆየ ይገባሻል» ብዬ ሸኘኋት።

ማታ ያ ንግግሬ ከነከነኝ። አላውቅም ላለማለት ሸሽቼ ነበርና። ማስመሪያና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። የሠራሁበትን መንገድ ፖል ደ ካስቴልዦ የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ1959 እ.ኤ.አ. በሲትሮይን የመኪና ፋብሪካ ያገኘው ነው። ፋብሪካው በምስጢር ስለያዘው ኩርባው የሬኖውን መሐንዲስ የፒየር ቤዚየርን ስም ይዞ ቀረ።

እስቲ «ሀ»ን እንሳል። ሁለት ነጥቦች ከላይ በግራና በቀኝ፣ ሁለት ደግሞ ከሥራቸው 8 ሳንቲሜትር ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከላይኛው ግራ ጀምራችሁ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ በሦስት መስመር አገናኙ። የየመስመሩን አጋማሽ ምልክት አድርጉና ሦስቱን ምልክቶች በሁለት መስመር አያይዙ። የእነዚህንም አጋማሽ በአንድ መስመር አገናኙ። የመጨረሻው መስመር መሃል የኩርባው ታች ነው፤ 6 ሳንቲሜትር ላይ ታገኙታላችሁ። የታችኞቹ ነጥቦች ይስቡታል፣ የላይኞቹም ድርሻ ስላላቸው ግን እነርሱ ጋ አይደርስም። እንዲህ ያሉ 4 ኩርባዎች ጎን ለጎን ሲሆኑ ደግሞ 16ቱ ነጥቦች እንደ ጀበና ሆድ ያለ ጎባጣ ገጽ ያወጣሉ።

እጄ ሲሠራው ገባኝ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ወጋኝ። በዚያ ወር የማስተምረው ስለ ይቅርታ ነበር። ጥቅሶቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ግን በቤተሰብ ቤት ጉዳይ ተኳርፈን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል።

እሁድ እህታችንን «ትናንት አላውቀውም ማለት ነበረብኝ» ብዬ ወረቀቱን አሳየኋት። ለወንድሜ መደወሉ ግን እስከ ማክሰኞ ቆየ። «ሄሎ» ካለ በኋላ ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ ልጆቼን ጠየቀኝ። ነገራችን ገና አላለቀም፣ ግን ጀምረናል።

ያዕቆብ ስለ መስታወት የጻፈውን ዛሬ ማታ አንብቡ። አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ የምትደውሉለት ሰው ካለ ደውሉ።