የተደፈነው ወንዝና የእንግሊዝ ቋንቋ

በቻይና አገር በሻንግሃይ ከተማ፥ ምሥራቅ ያንአን የተባለው ሰፊ ጐዳና ከሁዋንግፑ ወንዝ ዳር በሚደርስበት ስፍራ አንድ ቀን በማለዳ ቆመን ነበር። ይህ ጐዳና ቀድሞ ያንግጂንግባንግ የሚባል ትንሽ ወንዝ ነበረ፤ በአንዱ ወገን እንግሊዞች በሌላው ወገን ፈረንሳዮች ሰፍረውበት ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ ተደፍኖ መንገድ ሆነ። ስሙ ግን አልተቀበረም፤ ነጋዴዎች ይነጋገሩበት የነበረውን፥ ቃሉ የእንግሊዝ አገባቡ የቻይና የሆነውን ድብልቅ ንግግር፥ የአገሩ ሰዎች እስከ ዛሬ «የያንግጂንግባንግ እንግሊዝኛ» ይሉታልና።

ያ ንግግር ለሻይና ለሐር ገበያ ይበቃ ነበር፤ ለውልና ለዳኝነት ግን አይበቃም። በፍርድ ቤት ጽሕፈት የኖርን ሰዎች እንደምናውቀው፥ አንዲት ቃል ብትዛባ የሰው ርስት ይጠፋል። በሆንግ ኮንግ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ የነበረው ታንግ ቲንግሹ በ1862 ዓ.ም. የእንግሊዝኛን ቃላት ለወገኖቹ የሚያስተምር ባለ 6 ክፍል መጽሐፍ በካንቶን አሳተመ፤ የእንግሊዝኛውንም ድምፅ በቻይና ፊደል አመለከተ።

ይህ ልማድ ዛሬም አልጠፋም። በጐዳናው ዳር አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ሲያስጠኑ አገኘን፤ በደብተራቸውም ከየእንግሊዝኛው ቃል በታች የቻይና ፊደል ጽፈዋል። ነገር ግን የቻይና ፊደል እያንዳንዱ አንድ ሙሉ ድምፅ ስለሆነ፥ የእንግሊዝኛው ቃል በርሱ ሲነበብ ይሰባበራል። ልጅቱም በትሕትና «አባባ፥ እንዲህ ቢያነቡት መምህራችን አይረዱትም» አለቻቸው። ሽማግሌው አፈሩ፤ ደብተሩንም ዘጉት።

ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «እንግሊዞች በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?» ብለው ጠየቋት። ቃሉን ታውቃለች፤ ምሥጢሩን ግን አላወቀችም። እርሳቸውም «አባቶቻችን በአንድ ፍላጻ ሁለት ንስር ይሉ የለምን? በአንድ ሥራ ሁለት ጥቅም ማግኘት ነው» አሏት። ልጅቱ ደስ ብሏት የሁለቱን አገር ተረት ጐን ለጐን ጻፈች፤ የተዘጋውንም ደብተር ራሷ ከፈተችላቸው። ይህን ሁሉ አብሮን የነበረው አስተርጓሚ ነገረን።

እንግዲህ ንባቡ ከልጅቱ፥ ትርጓሜው ከአያትየው ሆነ። የባዕድ ቋንቋ አናውቅም ብላችሁ ከልጆቻችሁ ጥናት የምትርቁ ወላጆች ሆይ፥ የራሳችሁን ቋንቋ ምሥጢር ካስተማራችኋቸው ግማሹን መንገድ መራችኋቸው።