የወረፋው ቁመት

በእንግሊዝ አገር ሰው በጎረቤቱ የተክል አጥር ቁመት አቤት የሚልበት ሕግ አለ። በ2003 ወጥቶ በ2005 ሥራ ላይ የዋለ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዓመቱን ሙሉ ቅጠላቸውን የማያረግፉ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ዛፎች ተሰልፈው ከሁለት ሜትር በላይ ካደጉና የጎረቤትን ብርሃን ከጋረዱ፣ የተጎዳው ወገን ለከተማው ምክር ቤት ማመልከት ይችላል። ምክር ቤቱ አቤቱታውን ካመነበት አጥሩ እንዲያጥር ያዛል፤ ከሁለት ሜትር በታች እንዲወርድ ወይም ጨርሶ እንዲነቀል ግን ማዘዝ አይችልም። አመልካቹም አስቀድሞ ከጎረቤቱ ጋር ለመስማማት መጣሩን ማሳየት ይጠበቅበታል።

ለኢኮኖሚክስ ሰው ይህ የታወቀ ምሳሌ ነው። አንዱ በግቢው የሚያሳድገው ዛፍ በሌላው ወጥ ቤት ላይ ጥላ ይጥላል፤ ወጪው የሚያርፈው ውሳኔው ባልተጠየቀው ሰው ላይ ነው። ሮናልድ ኮዝ በ1960 ስለ ማኅበራዊ ወጪ ባሳተመው ዝነኛ ጥናቱ እንዳመለከተው፣ እንዲህ ያለው ጉዳት ሁለት አቅጣጫ አለው። ዛፉ ጎረቤትን ይጎዳል፤ ዛፉን ማስቆረጥም ባለቤቱን ይጎዳል። የንብረት መብቱ ግልጽ ከሆነና ድርድሩ ብዙ ወጪ ካላስከተለ፣ ሁለቱ ሰዎች ያለ ዳኛ መስማማት ይችላሉ። ይህን ለተማሪዎቼ ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። አሁን ከዚሁ ትምህርት ጋር አብሬ የማነሣው አንድ ሐሳብ አለ፤ ሐሳቡን ያገኘሁት ከአንድ የዛፍ እንክብካቤ ሠራተኛ ነው።

የምኖረው በሼፊልድ ነው። ከቤቴ ጀርባ ያለው አጥር የጎረቤቴ ነው፤ እሳቸው ሰባዎቹን ያጋመሱ የብረት ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። አጥራቸው ሌይላንዲ ከሚባለው ዛፍ የተተከለ ነው፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው የፈረንጅ ጥድ ብሎ የሚያውቀው ተክል የቅርብ ዘመድ። የልጅነት ግቢያችን በጥድ ታጥሮ ላደግን ሰዎች ቅጠሉ ባዕድ አይደለም። ሌይላንዲ ግን ትዕግሥት የለውም፤ ካልተከረከመ በዓመት እስከ አንድ ሜትር ሊያድግ ይችላል። ጎረቤቴ በየበጋው ሁለት ጊዜ መሰላል ላይ ወጥተው ይከረክሙት ነበር፤ የእኔን ጎን ጭምር። ዳሌያቸው ከታመመ ወዲህ ግን መሰላሉ ቀርቶ የቤታቸውን ደረጃ መውረድም ጭንቅ ሆኖባቸዋል። መገጣጠሚያው በሌላ መቀየር እንዳለበት ሐኪም ከነገራቸው ከዓመት በላይ ሆኗል፤ ቀጠሯቸው ሁለት ጊዜ ተላልፏል። በሁለት በጋ ውስጥ አጥሩ ሦስት ሜትር አለፈ፤ በወጥ ቤቴ መስኮት ይገባ የነበረው የከሰዓት ፀሐይም ቀረ።

ባለሙያውን የጠራሁት ዋጋ ልጠይቀውና ስለ ሕጉ ልምዱን እንዲያካፍለኝ ነበር። ከእኔ ጥቂት ዓመታት የሚበልጥ፣ በገመድ ዛፍ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረ፣ በግሉ የሚሠራ ሰው ነው። አስቀድሞ የወፍ ጎጆ መኖር አለመኖሩን አየ፤ ወፍ የሰፈረበትን ጎጆ ሆን ብሎ ማፍረስ በ1981 በወጣው የዱር እንስሳት ሕግ ያስቀጣልና። ከዚያ ስለ አጥሩ ሳይሆን ስለ ባለቤቱ ጠየቀኝ። "ሲከረከም የኖረ አጥር ነው፤ ለምን ተዉት?" አለ። የዳሌያቸውን ነገር ነገርኩት። "እንግዲህ ፀሐይሽን የጋረደው አጥሩ አይደለም፤ ወረፋው ነው" አለኝ።

ይህ ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረም። በአንድ መንገድ ላይ ሲያልፍ በየትኛው ቤት ሰው እንደ ታመመ፣ በየትኛው ቤት ባል ወይም ሚስት እንደ ሞተ ከአጥሩ ይገምታል። ከሚደውሉለት ሰዎች ብዙዎቹ ትናንት ራሳቸው ይሠሩት የነበረውን ሥራ ዛሬ መሥራት ያቃታቸው ናቸው።

የጤና አገልግሎቱን ይፋዊ መዝገብ ስናይ፣ በእንግሊዝ የታቀደ ሕክምና ወረፋ በሴፕቴምበር 2023 ከፍተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ 7.7 ሚሊዮን ያህል ሕክምናዎች ይጠበቁ ነበር። አንዳንዱ ሰው ከአንድ በላይ ሕክምና ስለሚጠብቅ የሰዎቹ ቁጥር 6.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከመቶ ሕመምተኞች 92ቱ ከ18 ሳምንት በላይ እንዳይጠብቁ የሚያዘው መስፈርት ከ2016 ወዲህ ተሟልቶ አያውቅም። አኃዞቹ ጠቃሚ ናቸው፤ የሚቆጥሩት ግን ከሆስፒታሉ በር ወዲያ ያለውን ነው። ከበሩ ወዲህ ያለውን፣ ማለትም ልጅ እናቷን ለማመላለስ ከሥራ የቀረችበትን ቀን፣ ሰው ከቤት ባለመውጣቱ የመነመነውን ጡንቻ፣ ያልተከረከመውን አጥር በአንድ ላይ የሚደምር መዝገብ የለም። በኮዝ ምሳሌ ሁለት ሰዎች በአጥሩ ግራና ቀኝ ቆመው ይደራደራሉ። በእኛ አጥር ግን ወጪውን የፈጠረው ሦስተኛ ወገን ነው፤ እሱም ከሁለቱም ጎን አልቆመም። እኔ ጎረቤቴን ብከስ ሕጉ ይሰማኝ ይሆናል፤ የሚቀጣው ግን ከእኔ ይልቅ የተጎዱትን ሰው ነው።

ስለ ሥራው ስንነጋገር ባለሙያው አንድ ገደብ አስቀመጠ። "ቁመቱን እመልሰዋለሁ፤ ስፋቱን ግን አልችልም" አለ። ሌይላንዲ አረንጓዴው ቅጠል አልፎ ወደ ቡናማው አሮጌ እንጨት ከተቆረጠ፣ ከዚያ ቦታ ዳግም አያቆጠቁጥም። ጫፉን ማሳጠር ይቻላል፤ በሁለቱ በጋዎች ወደ ጎን የተገፋው ስፋት ግን እንደ ገፋ ይኖራል። የእንግሊዝ ገበሬ የማሳውን ድንበር የሚያጥርበት እሾሃማ ቁጥቋጦ እንዲህ አይደለም፤ እስከ ግንዱ ግርጌ ቢቆረጥ እንኳ መልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ አንድን ሥራ ለከርሞ ከማሳደር በፊት፣ የያዝነው ተክል ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል አለ።

በፖለቲካ አንስማማም። በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ብሎ ድምፁን ሰጥቷል፤ በሼፊልድም ከመቶ 51 ያህሉ እንደ እሱ መርጧል። ለኅብረቱ በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚላክና በምትኩ የጤና አገልግሎቱ እንዲታገዝበት በአውቶቡስ ላይ ተጽፎ የዞረውን መፈክር አነሣሁበት፤ የአገሪቱ የስታትስቲክስ ባለሥልጣን አኃዙ አሳሳች መሆኑን መግለጹንም አስታወስኩት። "ቁጥሩን አላመንኩትም፤ ነገር ግን ስለ ሆስፒታል ቁጥር ይዞ ወደ እኛ ሰፈር የመጣ ሌላ ሰው አልነበረም" አለ። በዚህ መልስ አልስማማም። ሐሰተኛ ቁጥር ቃል ኪዳኑ መፈጸም አለመፈጸሙን የምንለካበትን ሚዛን ያጠፋል። ይሁን እንጂ የሙያዬ ሰዎች ቁጥሩን ለማፍረስ የተጠቀምንበትን ትጋት ያህል፣ እውነተኛውን ቁጥር ወደዚያ ሰፈር ለማድረስ አልተጋንም ማለቱ ከሆነ፣ ክርክሩ የሚናቅ አይደለም።

መጤዎች ሳይከፍሉ ይታከማሉ የሚል እምነትም ነበረው። ብዙዎቻችሁ ከኪሳችሁ የምታውቁትን ነገርኩት። ከ2015 ጀምሮ በአብዛኛው ለሥራና ለትምህርት የሚመጣ ሰው ለቪዛው ሲያመለክት የጤና ተጨማሪ ክፍያ አስቀድሞ ይከፍላል፤ በዓመት 200 ፓውንድ ሆኖ የተጀመረው ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ለአንድ አዋቂ 1,035 ፓውንድ ሆኗል። ሥራ ሲጀምር እንደ ማንኛውም ዜጋ ግብር መክፈሉም አይቀርለትም። ዝም ብሎ ሰማኝና "ገንዘቡ የት ይገባል?" አለ። ወደ ጤናው በጀት እንደሚገባ ስነግረው፣ "እኔም እከፍላለሁ፣ አንቺም ሁለት ጊዜ ከፍለሻል፤ የሆስፒታሉ ጣሪያ ታዲያ ለምን ያፈሳል?" ሲል ጠየቀኝ።

የጥያቄው መልስ በመደበኛ በጀትና በካፒታል በጀት መካከል ባለው መስመር ላይ ይገኛል። ሎርድ ዳርዚ በ2024 ለመንግሥት ያቀረቡት የጤና አገልግሎቱ ምርመራ እንደሚያሳየው፣ ከ2014/15 እስከ 2018/19 ባሉት የበጀት ዓመታት 4.3 ቢሊዮን ፓውንድ ከካፒታል በጀት እየተነሣ ለዕለት ተዕለት ወጪ ውሏል። በ2023/24 በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የተጠራቀመው ያልተሠራ ጥገና 13.8 ቢሊዮን ፓውንድ ደርሷል። እያንዳንዱን ውሳኔ ለብቻው ብናየው ምክንያት አለው። የዚህ ወር የነርሶች ደመወዝ ከሚቀጥለው ዓመት ጣሪያ ይልቅ አስቸኳይ ነው፤ ሚኒስትርም በጣሪያ ጥገና ተመርጦ አያውቅም። ጣሪያው ሲያፈስ ግን የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይዘጋል፤ ክፍሉ ሲዘጋ ቀጠሮ ይተላለፋል፤ ቀጠሮ ሲተላለፍ የሕመምተኛው ጡንቻ ይመነምናል። ገንዘቡን በኋላ መመለስ ይቻላል። ጡንቻው ግን፣ በተለይ በእርጅና ዘመን፣ እንደ ሌይላንዲው ጎን ነው።

ከዚህ ተነሥቶ የጥገናን ገንዘብ ማንም እንዳይነካው በውል ማሰር ነው መፍትሔው የሚል ሰው ይኖራል። ባለሙያው በዚህ ላይ የሚጠቅሰው ምሳሌ የዚሁ ከተማ ነው። በ2012 የሼፊልድ ምክር ቤት መንገዶቹንና የመንገድ ዳር ዛፎቹን እንዲጠግንለት ከአንድ የግል ኩባንያ ጋር የ25 ዓመት ውል ተፈራረመ፤ የውሉ መጠን 2.2 ቢሊዮን ፓውንድ ነበር። በውሉ ውስጥ 17,500 ዛፎች ተቆርጠው በሌላ እንዲተኩ የሚል አኃዝ ሰፈረ። ጤነኛ ዛፎች ሲወድቁ ነዋሪው ተነሣ። በኖቬምበር 2016 በአንድ ጎዳና ላይ ሠራተኞች ከጎሕ በፊት መጥተው ስምንት ዛፎች ሲቆርጡ ሁለት ጡረተኛ ሴቶች ታሰሩ። ቆረጣው በ2018 እስኪቆም ድረስ ከ5,000 በላይ ዛፎች ወድቀዋል። በሰር ማርክ ሎውኮክ የተመራው አጣሪ ጉባኤ በ2023 ባወጣው ሪፖርት ምክር ቤቱ ሕዝብንና ፍርድ ቤትን ማሳሳቱን ገለጸ፤ ምክር ቤቱም ይቅርታ ጠየቀ። "ዛፍ በቁጥር አይጠገንም፤ ሄደህ ታየዋለህ እንጂ" ይላል ባለሙያው። ለጥገና ገንዘብ መመደብ አንድ ነገር ነው፤ በየዓመቱ ሄዶ አይቶ የሚወስን፣ ለውሳኔውም የሚጠየቅ ዓይን መኖሩ ሌላ ነው። ሁለተኛው ሲጎድል የመጀመሪያው ራሱ ጉዳት ያመጣል።

እሱ ራሱ የዚህ ጉድለት ተጠቂ መሆን ይችላል። በግሉ የሚሠራ ስለሆነ፣ አሠሪ ለታመመ ሠራተኛው በሕግ የሚከፍለው የሕመም ጊዜ ክፍያ አይመለከተውም። ትከሻው ቢጎዳና አንድ ዓመት ወረፋ ቢጠብቅ የሚቀርበት የዓመት ገቢው ነው። ስለዚህ ስለ ጤና አገልግሎቱ ሲናገር የበጎ አድራጎት ቋንቋ አይጠቀምም፤ ስለ መሣሪያው እንደሚናገር ነው የሚናገረው። እጁ ተቆርጦ በሄደበት ሌሊት ምንም ሳይጠየቅ የሰፉለትን ሰዎች ያመሰግናል፤ በዚያው ትንፋሽ መጋዝ በየጠዋቱ ካልተሳለ ባለቤቱን እንደሚጎዳ ይናገራል።

እድር ምን እንደ ሆነ ስገልጽለት ወዲያው ገባው። ማንም ባልሞተበት ወር ለምን እንደሚከፈል ማስረዳት አላስፈለገኝም። ኢትዮጵያ በ2011 በ13 ወረዳዎች የሞከረችው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም ከእድሩ ልማድ ሩቅ አይደለም፤ ጤነኛው ለታመመው፣ የዛሬው ለነገው ይከፍላል። ነገር ግን መዋጮ የሚገዛው የመታከም መብትን ነው። መብቱ የሚፈጸመው ላቦራቶሪው ሲሠራ፣ ጄኔሬተሩ ሲነሣ፣ ማሽኑ መለዋወጫ ሲያገኝ ነው። አባሉ ከፍሎ ሄዶ "ማሽኑ ተበላሽቷል" ከተባለ በሚቀጥለው ዓመት መዋጮውን ለምን ያድሳል?

በውጭ የምንኖረው እዚህ ላይ ድርሻ አለን። ለአገር ቤት ሆስፒታል ስናዋጣ ማሽን መግዛት እንወዳለን፤ ፎቶግራፉ ያምራል፣ ስማችንም ይለጠፍበታል። እንደ ባለሙያ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ለመሣሪያ የሚሰበሰብ ገንዘብ ሁሉ ለብዙ ዓመታት የሚበቃ የጥገና፣ የመለዋወጫና የቴክኒሻን ሥልጠና ወጪ አብሮት ይምጣ፤ ካልበቃ ማሽኑ ይነስ። በየዓመቱም መሣሪያው በሥራ ላይ መሆኑን ቦታው ድረስ ሄዶ አይቶ ለለጋሹ የሚያሳውቅ ሰው ይኑር። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እሳት ለማጥፋት ብቻ አይደለም።

ለከተማው ምክር ቤት አላመለከትኩም። የክርከማውን ሂሳብ ከጎረቤቴ ጋር እኩል ተካፈልን፤ የእኔን ጎን ድርሻ ብቻ እንድከፍል ቢከራከሩኝም አልተቀበልኩም፤ ለዓመታት በነጻ ከርክመውልኛልና። ፀሐዩ ተመልሷል። የአጥሩ ስፋት አልተመለሰም፤ ግቢዬ በአንድ ክንድ ያህል ጠብቧል። ይህንን ስሌት በየትኛውም ይፋዊ መዝገብ አታገኙትም። ለሙያ ባልደረቦቼ የምለውም ይኸው ነው፤ የወረፋን ዋጋ ስንገምት በሆስፒታሉ መዝገብ አናብቃ፤ ወደ ሰፈሩ ወጥተን አጥሮቹንም እንይ።