ዳገቱን ሳንጠይቅ

ሰው ዕቃ ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚያማክረው ዓይኑን ነው። እኛም ባለፈው ዓመት የኤሌክትሪክ ቢስክሌት ስንገዛ ያማከርነው ዓይናችንን ነበር፤ እግራችንንና ዳገቱን ግን አልጠየቅናቸውም። ይህን የምንጽፈው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ዳገት የሚጠብቀው ተማሪ ሁሉ በእኛ ገንዘብ ይማር ዘንድ ነው።

ሦስት ነን። ሦስታችንም ስድስት ኪሎ እንማራለን፤ የምንኖረውም ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ የአንደኛው ጓደኛችን እናት ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። እማማ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። ጤፉን ከእህል በረንዳ የሚያመጡት በታክሲ ሲሆን፣ ለጆንያው ለብቻው ይከፍላሉ፤ ከታክሲው ወርደውም ለተሸካሚ ይከፍላሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በከተማው የኤሌክትሪክ ነገር ወሬ ስለ በዛ፣ እኛም አንድ ሐሳብ መጣልን። ያጠራቀምነውን አዋጣን፤ የጎደለውን እማማ ከዕቁባቸው ሞሉልን። ስምምነታችን አጭር ነበር፤ በአዘቦት ቀን እኛ ትምህርት ቤት እንሄድበታለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ጤፉ ይመጣበታል።

ለመግዛት ስንወጣ እማማ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጆቼ፣ ይህን የእኛን ዳገት ይወጣ እንደ ሆነ ጠይቁ» አሉን። እሺ ብለን ሄድን።

ሻጩ ቢስክሌቱን ያስሞከረን በሜዳ ላይ ነው። በውነቱ በረረ! ሞተሩ በኋላው ጎማ መካከል ተቀምጧል፤ ከፔዳሉ ጋር ያለው ክብ 44 ጥርስ አለው፤ ከኋላ ካሉት ውስጥ ትልቁ 28 ጥርስ ነው። እኛ የጠየቅነው «በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብለን ብቻ ነው። የእማማ ጥያቄ ከአፋችን ሳይወጣ ቀረ። የመጀመሪያውን ሳምንትም ያሳለፍነው በዩኒቨርሲቲው በር ስናልፍ ስንት ሰው ዞሮ እንዳየን በመቁጠር ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። 25 ኪሎ ጤፍ ከኋላ አሰርንና ተነሣን። እስከ ስድስት ኪሎ መልካም ነበር። ሽሮ ሜዳን እንዳለፍን ግን ቢስክሌቱ እየደከመ ሄደ፤ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶም የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ሸተተንና ሞተሩ ጸጥ አለ። አንዱ መሪውን ይዞ፣ ሁለቱ ከኋላ እየገፋን ስንወጣ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አገኙን፤ ጎንበስ እንዳሉ ዳር ይዘው መንገድ ለቀቁልን። ሸክም የያዘው ባዶ እጁን ላለው መንገድ ሲለቅ ማየት ምን ያህል እንደሚያሳፍር ያን ቀን አወቅን።

ቤት ስንደርስ ጠብ ሆነ። አንዱ ጆንያው በዛ አለ፤ አንዱ ነጂው ፔዳል አልመታም አለ፤ አንዱ ሻጩን ረገመ። እማማ ግን ምንም ሳይናገሩ የጆንያውን አንድ ጫፍ ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡት። በሚቀጥለው ቅዳሜም ወደ ታክሲያቸው ተመለሱ። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ዘግይተን መጠየቅ የጀመርነው። አምስት ኪሎ የሚማር አንድ ወዳጃችን ወረቀት አውጥቶ አሰላልን። ነጂው 65 ኪሎ፣ ቢስክሌቱ 25፣ ጤፉ 25፤ በጠቅላላው 115 ኪሎ ነው። መንገዱ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ፣ ይህን ሸክም በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለማውጣት 340 ዋት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። የሞተራችን ጉልበት 250 ዋት ነው፤ ልምምድ የሌለው ሰው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው 100 ዋት ቢሆን ነው። ስለዚህ ከመነሻው በጠባብ ድልድይ ላይ ነበርን። የባሰው ነገር ደግሞ ጎማ መካከል የሚቀመጥ ሞተር ፍጥነቱ ሲቀንስ ከባትሪው የሚወስደውን ኃይል ወደ ሙቀት መለወጡ ነው፤ በዘገየ ቁጥር ይግላል፣ በጋለም ቁጥር ይደክማል።

የጥርሱም ነገር እንዲሁ ነው። በ44 እና በ28 ጥርስ አንድ ጊዜ ፔዳል ብንዞር ቢስክሌቱ 3.3 ሜትር ያህል ይሄዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ለመዞር በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር መሄድ አለብን ማለት ነው፤ በዳገት ይህ የማይሆን ስለ ሆነ እግራችን ተያዘ። የፊተኛውም የኋለኛውም 34 ጥርስ ቢሆን ግን አንድ ዙር 2.1 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር እየሄድን እግራችን ሳይጨነቅ ይዞራል።

ማርሽ መለወጥ ግን የሚያቀልለው ለእግር እንጂ ለእኛ ዓይነቱ ሞተር አይደለም፤ ምክንያቱም ሞተሩ ጎማውን የሚያዞረው ያለ ካቴና፣ በራሱ ነው። በውስጡ ትንንሽ ጥርሶች ያሉት ዓይነት በዳገት ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ያለው አንድ ማርሽ ነው። ከፔዳሉ ዘንግ ላይ የሚቀመጠው ሞተር ግን የሚጎትተው በዚያው በካቴናው ስለ ሆነ፣ ነጂው ማርሽ ሲያቀልል ለሞተሩም ይቀልለታል። ለዳገት ሀገር የሚመረጠው ይህ ነው። ዋጋው ይበልጣል፣ ካቴናና ጥርስም ቶሎ ይበላል፤ ማርሹም የሚለወጠው ዳገቱ ሳይጀምር፣ ፔዳሉን ላላ አድርጎ ነው። አንድ መልካም ነገር ሁሉንም የኤሌክትሪክ ሞተር ይመለከታል፤ እንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ቢበልጥም የአየሩ መሳሳት የነዳጅ ሞተርን እንደሚያደክመው አያደክመውም። የሚያደክመው የነጂውን ሳንባ ነው።

እኛ ሌላ ቢስክሌት የምንገዛበት ገንዘብ የለንም። ሞተሩን አስጠገንን፤ ጥርሶቹን ከፊትም ከኋላም ወደ 34 አስለወጥን፤ ካቴናውንና ማርሽ ለዋጩንም ጨመርን። ዳገቱን ከግርጌው ጀምረን ፔዳል እየመታን እንወጣለን፤ ሞተሩ ሲግል ወርደን እናሳርፈዋለን። በሜዳ ላይ አሁን ማንም ይቀድመናል፤ በዩኒቨርሲቲው በር ዞሮ የሚያየንም የለም።

እንግዲህ ለመግዛት የምታስቡ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ቢስክሌት የሚመረጠው ሰው በሚያያችሁ ቦታ ሳይሆን ከመንገዳችሁ ሁሉ ዳገቱ በጠናበት፣ ሸክማችሁም በከበደበት ቦታ ነው። ሻጩን ፍጥነቱን ከመጠየቃችሁ በፊት ጥርሱን ቁጠሩ፤ ሞተሩ የት እንደ ተቀመጠ እዩ፤ ከተቻለም ጆንያ ጭናችሁ ዳገት ላይ ሞክሩት። ከሁሉም በላይ በገንዘቡ ውስጥ የሌላ ሰው ዕቁብ ካለበት የዚያን ሰው ጥያቄ ሳታደርሱ አትመለሱ።

የእማማን ገንዘብ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየመለስን ነው። እሳቸው ዛሬም ጤፉን የሚያመጡት በታክሲ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ግማሽ ጆንያ አስይዘውናል።