ዋስ አለዎት?

ባለፈው ክረምት አብዛኞቹ የዲፓርትመንታችን ልጆች ወደየቤተሰባቸው ሲሄዱ እኔ አዲስ አበባ ቀርቼ ሥራ ገባሁ። የት ጋዜጣ ላይ እንዳትሉኝ ብቻ! የገባሁት ለድርጅቶች ጥበቃና ጽዳት ሠራተኛ የሚያቀርብ ኤጀንሲ ነው። መገናኛ አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ሁለት ክፍል ቢሮ። ሥራዬ ሥራ ፈላጊ መመዝገብና ውል መተየብ ነበር።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ስደርስ ደረጃው ከታች እስከ ላይ በሰው ተሞልቶ ይጠብቀኛል። የመጀመሪያው ሳምንት እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ቃለ መጠይቅ ተምሬ የለ? ማን፣ ከየት፣ መቼ እያልኩ እጠይቃለሁ። ፎርሙ ግን የሚፈልገው ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ መታወቂያ፣ በመጨረሻም ዋስ ነው። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ነች። ዋሱ ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ ከመሥሪያ ቤቱም የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፎ ያመጣል። ንብረት ቢጠፋ እሱ ይጠየቃላ። አስቡት እንግዲህ፤ ከተማ ውስጥ ይህን የሚያደርግለት ደመወዝተኛ ዘመድ ያለው ሰው ድሮስ የሰው በር ለመጠበቅ ምን ያንከራትተዋል?

አንድ አባት ነበሩ። ከደቡብ ጎንደር መጥተው ኮተቤ ልጃቸው ጋ ነው የሚኖሩት። ልጅቷ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች።

«ዋስ አለዎት?» ስላቸው፣

«ልጄ አለች» አሉኝ።

«ደመወዝተኛ ናት?»

«ኧረ እሷስ ከደመወዝተኛም ትበልጣለች። እኔን የምታበላኝ እሷ አይደለች?»

ሳቅሁ። መስመሯን ግን ባዶ ነው የተውኳት። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ዝናብ እየመታቸው ተመላለሱ። በሦስተኛው «አንቺስ ብትሆኝኝ? ይኸው ወንበር ላይ ተቀምጠሽ የለ» አሉኝ። «አባባ፣ እኔ እኮ ተማሪ ነኝ» ከማለት ሌላ የምለው አልነበረኝም።

በዚያው ሰሞን ከደንበኛ ድርጅቶች ጋር የሚፈረመውን ውል መተየብ ጀመርኩ፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየሁትም ያኔ ነው። አንዱ ደንበኛ ለአንድ ጥበቃ በወር 9,200 ብር ይከፍላል። ጥበቃው የሚፈርመው በ4,300 ብር ነው። ማታ ዶርም ገብቼ ወረቀት ላይ አሰላሁት። ከ9,200ው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲወጣ 8,000 ይቀራል። ከዚያ ላይ ደመወዙና አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ጡረታ፣ ማለትም 473 ብር፣ ሲቀነስ 3,227 ብር ድርጅቱ ጋ ይቀራል። በአንድ ሰው ነው ይሄ፤ የሠራተኞቻችን ቁጥር ደግሞ ከሁለት መቶ በላይ ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን ክፉ ሰው አይደሉም። ስጠይቃቸው አልተቆጡም፤ የሱፐርቫይዘር ደመወዝ አለ፣ የቢሮ ኪራይ አለ፣ ሰው ሲቀር ተተኪ ይላካል፣ ደንበኛ ሁለት ወር ሳይከፍል ሲያዘገይ እኛ ደመወዝ እንከፍላለን፣ ዩኒፎርምም አለ ብለው አስረዱኝ። ሌላውን ተቀበልኩ። ዩኒፎርም ሲሉ ግን ከንፈሬን ነከስኩ፤ ምክንያቱም ዋጋው ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ለሦስት ወር እንደሚቆረጥ የሚገልጸውን ወረቀት የምተይበው እኔው ነኝ።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አውጥቼ አነበብኩት። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ዝቅተኛ ደመወዝን በተመለከተ ግን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ጠቅሶ ያልፋል እንጂ ቁጥር አያስቀምጥም። ስለዚህ 4,300ውን ሕገወጥ የሚያደርግ ቁጥር አዋጁ ውስጥ አላገኘሁም።

አንድ ቀን በእኔ ዕድሜ ያለች የጽዳት ሠራተኛ ውል ልትፈርም መጣች። የደንበኛው ውል ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ጎንበስ ብላ «ይሄ 9,200 የሚለው የማነው?» አለችኝ። እጄን አሳረፍኩበት። «የሌላ ነው፣ አንቺ እዚህ ጋ ፈርሚ» አልኳት። ፈረመች፣ አመስግናኝም ሄደች። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ፤ የመረጃ ነፃነት ፈተና ላይ ጥሩ ውጤት ያመጣሁ።

አባባ በነሐሴ መጨረሻ የሰፈራቸውን አስተማሪ ለምነው ዋስ አገኙ። አንድ ሕንፃ ላይ የማታ ጥበቃ ሆነው ተመደቡ። እኔም ትምህርት ተከፍቶ ወጣሁ።

በጥር በዚያ ሕንፃ በኩል ሳልፍ ፎቶ ኮፒ ለማስነሳት ገባሁ። አመሻሽ ላይ ነበር። በር ላይ ቦርሳዬን ሊፈትሹ እጃቸውን ሲዘረጉ ለዩኝ። ኮቱ ሰፍቷቸዋል፤ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፈውታል። ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ፣ መረቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ የዚህ የልብሱ ብር እስከ መቼ ነው የሚቆረጠው?» አሉኝ።

በጣቴ ቆጠርኩ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። አሁንም እየተቆረጠ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ይኸው በታኅሣሥም ቆረጡ» አሉና ቦርሳዬን ሳይከፍቱ መለሱልኝ።