የአባታችን ሞተር

አሮጌ ሞተር ይሻላል ወይስ አዲስ? የናፍጣ መኪና ያለው ሁሉ የሚከራከርበት ጥያቄ ነው። ለግጥም እንጂ ለመኪና ቅርበት የሌለኝ የባንክ ሠራተኛ ነኝና አይመለከተኝም እል ነበር፤ ወንድም ጋሼ ከመቂ ሽንኩርት የሚያመላልስበት ሂሉክስ ፒካፕ አንዱ ፒስተኑ እስኪሰነጠቅ ድረስ።

ጥፋቱን በአዲሱ ሞተር ላይ መጣል ግፍ ነው። ባለ 3 ሊትሩ ዲፎርዲ በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚረጭ ድንቅ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ኢንጀክተር ግን ውኃና ቆሻሻ የገባበትን የበርሜል ናፍጣ አይታገሥም። የአራቱ ኢንጀክተሮች ዋጋ ብቻ የልጆቹን የዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ የሚውጥ ሆነ።

አዛውንቱ መካኒካችን ሶማሌ ተራ ውረዱ አላሉንም። በግቢያችን ጥግ ሸራ ለብሶ የቆመውን የአባታችንን ሂሉክስ እያዩ፣ «ስሪ ኤሉ አለላችሁ አይደል፣ ልጆቼ?» አሉ። ባለ 2.8 ሊትሩ ስሪ ኤል ኮምፒውተር የሚባል አያውቅም፤ ፖምፓውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው።

ሥራው ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀ። የሞተሩ መያዣዎች በሻንሲው ላይ እንደገና ተበየዱ፤ ካምቢዮውም ከአሮጌው መጣ። የአዲሱ መኪና ፔዳል ለኮምፒውተር በሽቦ የሚናገር ሲሆን አሮጌው ፖምፓ በገመድ መጎተትን ይሻልና፣ ፔዳሉም ከአባታችን መኪና ተነቀለ። ጎማው በቀኝ በኩል በአባታችን ጫማ ተበልቷል። ወንድም ጋሼ አስቀይሩት ቢሉት እምቢ አለ።

አንባቢዬ እዚህ ላይ ግጥም ጽፌ እንደሆነ ይጠረጥር ይሆናል። የጻፍሁት ማመልከቻ ነው። ፒካፑ በብድር የተገዛ ነውና ሊብሬው በአበዳሪው ባንክ እጅ ነው፤ የሞተር ቁጥሩም በመያዣ ውሉ ላይ ሰፍሯል። «ማን ኮፈን ከፍቶ ያያል?» አለኝ ወንድም ጋሼ። በየቀኑ የሻንሲና የሞተር ቁጥር የምመዘግብ ሰው ይህን ጥያቄ እንዴት ይመልስ? ለባንኩም ለትራንስፖርት ቢሮውም ጻፍሁ። አባታችን ዕዳ ሳይነካው የኖረበትን ሞተር፣ ቁጥሩን በገዛ እጄ የዕዳ መያዣ አድርጌ አሰፈርሁት። ወርኃዊው ክፍያ ቢቋረጥ ሐራጅ የሚወጣው እሱ ነው።

ጉልበቱ ከአዲሱ በእጅጉ ያንሳል። ከሞጆ ወደ አዲስ አበባ ያለውን አቀበት እንዲወጣ ጭነቱ ሦስት ኩንታል ተቀንሷል፤ ያም በገቢው ላይ ይታያል። የማስጠንቀቂያ መብራቱም አልጠፋም፤ ወንድም ጋሼ ጥቁር ፕላስተር ለጥፎበታል። ብድሩ ዐሥራ ስድስት ወር ይቀረዋል።